አንድን ቃል ስማቸው ለተመዘገበ ብዙዎች ስለ ማድረስ
(በራዲዮ ተነግሮ ለጋዜጣ እንዲስማማ ሆኖ የቀረበ)



የዛሬው ንግግራችን የሚጀምረው በአንድ መሥሪያ ቤት የባለጉዳይ መቆያ አዳራሽ ውስጥ ነው። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለ አዳራሽ በብዙ ቦታ አለና። ባለጉዳዩ ከበሩ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ተቀብሎ ይገባል፤ ከአግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ዓይኑንም በግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ስክሪን አቅንቶ ቁጥሩ እስኪወጣ ድረስ ይጠብቃል። ጸሐፊው ግን በአዳራሹ ውስጥ አይደለም። ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ተቀምጦ አንዱን ባለጉዳይ በሸኘ ቁጥር በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ በዚያችው ቅጽበት የሚቀጥለው ቁጥር በአዳራሹ ስክሪን ላይ ይወጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ አንድ ቀን ጠዋት፥ እንዲህ ባለው አዳራሽ ውስጥ 84 ቁጥርን የያዙ አንድ ሽማግሌ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጠው ነበር። ስክሪኑ 61 ይላል። ከአንድ ሰዓት በኋላም 61 ይላል። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ሠራተኞች ለምሳ መውጣት ሲጀምሩ ሽማግሌው ተነሥተው ጸሐፊውን ቢጠይቁት፥ «አባባ፥ 84 ቁጥር ተጠርቶ ሰው ስላልቀረበ ታልፏል፤ አሁን 97 ላይ ነን» ብሎ መለሰላቸው። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ እኔ እዚሁ ነበርሁ እኮ፤ ዓይኔን ከዚያ ሰሌዳ ላይ አላነሣሁም» አሉት። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ጸሐፊው በእርግጥ ጠርቷል፤ ሽማግሌውም በእርግጥ አልተጠሩም።

የዚያን መጥሪያ ፕሮግራም ከጻፉት ሰዎች አንዱ እኔ ስለ ነበርሁ፥ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ነገር ግን ጥፋቱ ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ በሚገባ ለማስረዳት፥ ከጸሐፊው ጣት የተነሣው ቃል በምን መንገድ ተጉዞ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። መንገዱም በየዕለቱ የምንጠቀምበት ነው፤ የእግር ኳስ ውጤት ሳንጠይቀው በድረ ገጽ ላይ የሚለወጠው፥ ብዙ ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ በአንድ ጊዜ ሲጽፉ የአንዱ ፊደል በሌላው ፊት የሚታየው በዚሁ ዐይነት መንገድ ነው።

ቃል ለሰው የሚደርስበት አንዱ መንገድ ነጋሪት ነው። ነጋሪት የሚጎሰመው ለሁሉ ነው፤ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዛል። ራዲዮም የነጋሪት ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ተናጋሪው ማን እንደሚሰማው አያውቅም፥ ማን እንዳልሰማውም አያውቅም። ሌላው መንገድ የታሸገ ደብዳቤ ነው፤ እርሱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል ግን ለመንግሥት ሠራተኛ ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው አለ፤ ይኸውም አንድ ደብዳቤ ተጽፎ ከግርጌው «ግልባጭ» ተብሎ የሚደርሳቸው ክፍሎች ስም የሚዘረዘርበት ነው። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለሁሉ አይደለም፤ ለአንድም አይደለም፤ ስማቸው ለተጻፈው ነው። ከዝርዝሩ አንድ ስም ቢወድቅ፥ ስሙ የወደቀው ክፍል ደብዳቤ እንደ ተጻፈ እንኳ አያውቅም፤ ላኪውም ግልባጩን ያዳረሰ መስሎት ይቀመጣል። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

እንግዲህ ወደ ድረ ገጽ እንምጣ። ቲም በርነርስ ሊ የድረ ገጽን ሥርዓት ሐሳብ ያቀረቡት በ1989 (ይህም፥ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሲሠሩ ነበር። ሐሳቡ ሰነድን ከሩቅ ሆኖ ለማንበብ የታሰበ ስለ ነበረ፥ ሥርዓቱ የጠያቂና የመላሽ ሥርዓት ሆነ። የአንባቢው ኮምፒዩተር ይጠይቃል፤ ገጹን የሚያስቀምጠው ኮምፒዩተር፥ ባለሙያዎች ሰርቨር የሚሉት፥ ይመልሳል፤ ከመለሰም በኋላ ዝም ይላል። ሳይጠየቅ አይናገርም። ለመጽሐፍ ቤት ይህ መልካም ጠባይ ነው። አዲስ ነገር በተፈጠረ ቁጥር መናገር ለሚገባው ግን አይሆንም፤ ጸሐፊው 62 ቁጥርን ቢጠራ፥ ሰርቨሩ ይህን እያወቀ ለስክሪኑ መንገር አይችልም ማለት ነውና።

በመጀመሪያ የተገኘው መላ ደጅ ጥናት ነበር። ደጅ ጥናት ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ መተርጐም አያሻም። ስክሪኑ በየሁለት ሴኮንዱ ወደ ሰርቨሩ እየሄደ፥ «አዲስ ነገር አለ?» ይላል፤ ሰርቨሩም «የለም» ይለዋል፤ እንደ ገና ይሄዳል፥ እንደ ገና «የለም» ይባላል። 500 ስክሪኖች በየሁለት ሴኮንዱ ቢጠይቁ፥ በአንድ ሴኮንድ 250፥ በአንድ ሰዓት ደግሞ 900,000 ጥያቄ ይሆናል፤ ከዚህም የሚበዛው መልስ «የለም» ነው። ጥያቄው ራሱ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ማን እንደ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣ፥ ምን ቋንቋ እንደሚያነብ የሚገልጽ ብዙ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር ባይት የሚሆን መግቢያ ተሸክሞ ነው። እንግዲህ ስለ አንዲት «የለም» ይህ ሁሉ ጭነት ይመላለሳል።

ቀጥሎ የመጣው ዘዴ ባለጉዳዩን ከመመለስ ይልቅ በር ላይ አቁሞ ማቆየት ነበር። ሰርቨሩ ለጥያቄው ወዲያው «የለም» በማለት ፈንታ አዲስ ነገር እስኪመጣ ድረስ መልሱን ይይዘዋል፤ ሲመጣ ይሰጠዋል፤ ስክሪኑም ተቀብሎ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ያቀርባል። አሌክስ ራስል የተባለው ባለሙያ በ2006 ለዚህና ለመሳሰሉት ዘዴዎች «ኮሜት» የሚል ስም ሰጥቷቸዋል፤ ትርጕሙ ጅራታም ኮከብ ነው። ዘዴው ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ ይሁን እንጂ ለማንበብ የተሠራን በር ለመነጋገሪያ በግድ ማዋል ነበር።

መፍትሔው በታኅሣሥ 2011 የኢንተርኔት ደንቦችን የሚያወጣው ጉባኤ በቁጥር 6455 ባሳተመው ሰነድ ተደነገገ። ስሙም ዌብሶኬት ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስክሪኑ በመጀመሪያ በቀድሞው የጥያቄ ቋንቋ በሩን ያንኳኳል፤ ነገር ግን በጥያቄው ውስጥ «ከዚህ በኋላ በሌላ ቋንቋ እንነጋገር» የሚል ቃል ይጨምራል። ሰርቨሩ ከተስማማ 101 የሚል ቁጥር ይመልሳል፤ ይህም «ቋንቋ ለውጠናል» እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያው መስመር ሳይዘጋ ይቆያል፤ ከሁለቱም ወገን ማንም የሚናገረው ባለው ጊዜ ሳይጠየቅ ይናገራል። ከሰርቨር ወደ ስክሪን የምትሄድ አጭር መልእክትም የምትሸከመው መግቢያ ሁለት ባይት ብቻ ነው። የደጅ ጥናት ዘመን በዚህ አበቃ ባይባልም፥ አስፈላጊነቱ ግን እጅግ ቀነሰ።

ታዲያ መስመሩ ተዘረጋ እንበል። ሰርቨሩ ከ500 ስክሪኖች ጋር 500 ክፍት መስመሮች አሉት። የምድር ቤቱን ቁጥር ለምድር ቤቱ አዳራሽ ብቻ፥ የሁለተኛውን ፎቅ ቁጥር ለሁለተኛው ፎቅ ብቻ የሚያደርሰው እንዴት ነው? የቡድን ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ ከድረ ገጽ ይልቅ በዕድሜ ይበልጣል። በ1973 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፥ ፕላቶ በተባለው የማስተማሪያ ኮምፒዩተር ላይ፥ ዳግ ብራውን የተባለ ሰው ቶኮማቲክ የሚባል መነጋገሪያ ጻፈ። ስድስት መስመሮች ነበሩት፤ በእያንዳንዱም እስከ አምስት ሰው ገብቶ ሊነጋገር ይችል ነበር፤ አንዱ የሚጽፈው ፊደል በዚያው መስመር ላሉት ሲታይ በሌላው መስመር ላሉት አይታይም። በነሐሴ 1988 ደግሞ በፊንላንድ አገር በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ያርኮ ኦይካሪነን የተባለ ተማሪ በመላው ዓለም የተስፋፋውን አይ አር ሲ የተባለ መነጋገሪያ ሠራ፤ በዚያም ማንኛውም ሰው በስም የሚታወቅ መስመር ከፍቶ ሌሎችን ሊጠራበት ይችል ነበር። በዌብሶኬት ዘመን ይህንኑ ነገር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሁሉ በየግላቸው እንዳይደክሙበት ያዘጋጁላቸው ሰዎች ተነሡ። ጊዬርሞ ራውች በ2010 ያወጣው ሶኬት አይ ኦ ነገሩን «ክፍል» ይለዋል፤ ዴቪድ ፋውለርና ዴሚየን ኤድዋርድስ በማይክሮሶፍት ሳሉ የጀመሩት ሲግናል አር «ቡድን» ይለዋል፤ ክሪስ ማኮርድ የሠራው ፊኒክስ ደግሞ «ርእስ» ይለዋል። ስሙ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው።

ነገሩም መዝገብ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም። ሰርቨሩ በማስታወሻው ውስጥ በአንድ ወገን የቡድን ስም፥ በሌላው ወገን የዚያ ቡድን አባላት የሆኑትን መስመሮች መለያ ቁጥር ይጽፋል። «ምድር ቤት» ከሚለው ስም ፊት ለፊት ሦስት መስመሮች ተጽፈው ይሆናል። አንድ መስመር ሲገባ ይጻፋል፤ ሲወጣ ይፋቃል። ለቡድኑ መልእክት ሲመጣ ሰርቨሩ ዝርዝሩን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች እየሄደ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ግልባጭ ይልካል። እንደ አስፈላጊነቱም ላኪውን ራሱን ከዝርዝሩ አስቀርቶ ለቀሩት ብቻ ሊልክ ይችላል፤ የራስን ቃል ከራስ አፍ ሁለት ጊዜ መስማት አያስፈልግምና።

እዚህ ላይ አንባቢ፥ «አንድ ጊዜ ተልኮ መረቡ ራሱ አያባዛውምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ስቲቭ ዲሪንግ በ1989 ባሳተሙት ደንብ መረቡ ራሱ አንዱን መልእክት በየመንታ መንገዱ እያባዛ ለቡድን የሚያደርስበትን ሥርዓት አሳይተዋል፤ በአንዳንድ ድርጅቶች የውስጥ መረብም ይሠራበታል። በሕዝብ ኢንተርኔት ላይ ግን ድርጅቶቹ እርስ በርስ ስለማያሳልፉት በአጠቃላይ አይሠራም፤ ድረ ገጽ ማያ ፕሮግራሞችም አይጠቀሙበትም። ስለዚህ ሰርቨሩ እንደ ጥንቱ ጸሐፊ አንድ በአንድ ይገለብጣል።

ይህ መገልበጥ ከቡድኑ ስፋት ጋር እንዴት እንደሚያድግ ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ተናጋሪ ሌላው ሰሚ ከሆነ ዕድገቱ ቀላል ነው፤ 1,000 ሰሚ ካለ 1,000 ግልባጭ ነው። ሁሉም ተናጋሪ ሁሉም ሰሚ በሆነበት ቡድን ግን ሌላ ነው። 10 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ቃል ቢናገሩ፥ እያንዳንዱ ቃል ለቀሩት 9 ስለሚደርስ 90 ግልባጭ ይሆናል። 100 ሰዎች ቢሆኑ 9,900፤ 1,000 ሰዎች ቢሆኑ 999,000 ነው። ሰዎቹ በመቶ እጥፍ ሲበዙ ሥራው በአሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ይበዛል ማለት ነው። በስልካችሁ ያለ ትልቅ የቡድን ውይይት አባሎቹ ሁሉ አብረው መናገር በጀመሩ ጊዜ የሚከብደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ቢሆንም ብዛት ብቻውን የሚያስፈራ አይደለም። ክሪስ ማኮርድና ባልደረቦቻቸው በ2015 ባደረጉት ሙከራ፥ 40 የማስሊያ እምብርትና 128 ጊጋባይት ማስታወሻ ባለው አንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ሚሊዮን መስመሮችን በአንድ ጊዜ ክፍት አድርገው አቆይተዋል። በእኔ አስተያየት ይህን ሥራ የሚያከብደው ቁጥር አይደለም። የሚያከብደው በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ነገር ሰው አለመሆኑ ነው።

በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ሰው ሳይሆን መስመር ነው ብለናል። አንድ ሠራተኛ በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ ገጹን በሁለት መስኮት ከፍቶ በእጅ ስልኩም ቢከፍተው፥ ለሰርቨሩ ሦስት እንግዶች ናቸው። ስልኩ መረብ አጥቶ እንደ ገና ቢያገኝ፥ የቀድሞው መስመር ሞቶ አዲስ መስመር ይወለዳል፤ አዲሱም አዲስ መለያ ቁጥር አለው፤ በየትኛውም ቡድን አልተጻፈም። ሰውዬው ያው ነው፤ ስልኩ ያው ነው፤ በስልኩ ላይ ያለው ገጽ እንኳ አልተለወጠም። ለመዝገቡ ግን ዛሬ ገና የመጣ ነው።

በዚያ ቀን ጠዋት የሆነው ይኸው ነበር። የምድር ቤቱ አዳራሽ ሦስት ስክሪኖች በባትሪ የሚሠሩ ስለ ሆኑ መብራት ብልጭ ሲል አይጠፉም፤ ሦስቱን ከመረቡ ጋር የሚያገናኘው ሣጥን ግን ባትሪ አልነበረውም። ከሦስት ሰዓት ተኩል ጥቂት ቀደም ብሎ መብራት ሄዶ ወዲያው ተመለሰ። ሣጥኑ ጠፍቶ በራ። ሦስቱም መስመሮች ተቋረጡ፤ ስክሪኖቹም እንደ ታዘዙት ራሳቸው ሰርቨሩን ፈልገው ሦስት አዲስ መስመሮችን ከፈቱ። ከስክሪኑ ጥግ ያለችው አረንጓዴ ምልክትም «ተገናኝቷል» አለች፤ ውሸት አልተናገረችም።

እኔ ግን «ምድር ቤት በሚለው ቡድን ጻፉን» የሚለውን ጥያቄ ያስቀመጥሁት ገጹ መጀመሪያ ሲከፈት ብቻ እንዲቀርብ አድርጌ ነበር። ገጹ ተከፍቶ የቆየ ስለ ሆነ እንደ ገና አልተከፈተም፤ ስለዚህ ጥያቄው እንደ ገና አልቀረበም። ሰርቨሩ የሞቱትን ሦስት መስመሮች ከመዝገቡ ፋቀ፤ አዲሶቹን አልጻፈም፤ «ምድር ቤት» ባዶ ቡድን ሆነ። ጸሐፊው 62ን ጠራ። ሰርቨሩ ዝርዝሩን አወጣ፤ ማንም የለበትም፤ ለማንም አልላከም፤ ሥራውንም ፈጸመ። ለባዶ ቡድን መላክ በዚህ ዐይነት ሥርዓት ስሕተት ተብሎ አይቈጠርም፤ ግልባጭ ተቀባይ የሌለበት ደብዳቤም በመዝገብ ቤት «ወጪ» ተብሎ ቁጥር እንደሚሰጠው ያለ ነው። ጸሐፊው ጥቂት ጠብቆ ሰው ሲያጣ «አልቀረበም» ብሎ 63ን ጠራ። እንዲህ እያለ እስከ 97 ደረሰ። በሁለቱ ፎቆች ያሉት ስክሪኖች በሌላ ሣጥን በኩል ስለሚገናኙ ያለ እንከን ይሠሩ ነበር፤ ስለዚህም ተቈጣጣሪው ወደ ላይ ወጥቶ ባየ ጊዜ ሁሉ ነገር ደኅና መሰለው። ምድር ቤት ያሉት ባለጉዳዮች ደግሞ ወረፋ መዘግየቱን የለመዱት ስለ ሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የዛሬው ሲግናል አር መመሪያ ይህን ነገር በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ መስመር ተቋርጦ ሲመለስ የቡድን አባልነቱ እንደማይጠበቅለትና እንደ ገና መግባት እንዳለበት ይናገራል። ሶኬት አይ ኦም በ2023 ባወጣው ማሻሻያ፥ ለአጭር ጊዜ ተቋርጦ የተመለሰን መስመር ከነክፍሉ የሚመልስበትን መንገድ ጨምሯል፤ ፕሮግራም ጸሐፊው ፈልጎ ካዘዘው ነው። መመሪያውን አንብቤ ቢሆን ኖሮ የሽማግሌው ጠዋት ባልባከነም ነበር።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር ይያያዛል። መስመር ሲሞት ሁል ጊዜ ተሰናብቶ አይሞትም። ሽቦ ከተነቀለ ወይም ሣጥን ከጠፋ ለሰርቨሩ የሚነግረው የለም፤ ወደ ሞተው መስመር መጻፉን ይቀጥላል፤ የጻፈውም የደረሰ ይመስለዋል። የዌብሶኬት ደንብ ለዚህ «ፒንግ» እና «ፖንግ» የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ምልክቶችን ደንግጓል፤ አንዱ «አለህ?» ሲል ሌላው «አለሁ» ይላል። በተወሰነ ጊዜ «አለሁ» ያላለ መስመር እንደ ሞተ ይቈጠራል። በሞቱና መሞቱ በታወቀበት ሰዓት መካከል የተላከው መልእክት ግን የት ይገባል? የትም። ሶኬት አይ ኦ ካልታዘዘ በቀር እያንዳንዱን መልእክት ቢበዛ አንድ ጊዜ ለማድረስ ብቻ ነው ቃል የሚገባው፤ ቢበዛ አንድ ጊዜ ማለት ደግሞ ምናልባትም አንድም ጊዜ አለማድረስ ማለት ነው። መልእክት እንዳይጠፋ የሚፈልግ ሰው በመልእክቱ ላይ ተከታታይ ቁጥር ይጽፍበታል፤ ተቀባዩም ተቋርጦ ሲመለስ «የመጨረሻው የደረሰኝ 417 ነው» ይላል፤ ሰርቨሩም ከ418 ጀምሮ ያለውን ከመዝገብ አውጥቶ ይሰጠዋል። ደብዳቤን ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ወደ ውጭ ለሚልክ መዝገብ ቤት ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ሥራው ሲሰፋ አንድ ሰርቨር አይበቃም። ሁለት ቢሆኑ ሁለት መዝገብ ይሆናል፤ ጸሐፊው ከአንደኛው፥ ስክሪኑ ከሁለተኛው ጋር ተገናኝቶ ቢገኝ፥ አንደኛው በራሱ መዝገብ ስክሪኑን ስለማያገኘው መልእክቱ ከዚያው ይቀራል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የጋራ መልእክተኛ ይቆማል፤ ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ በ2009 ያወጡት ሪዲስ ለዚህ ሥራ እጅግ የተለመደ ነው። አንደኛው ሰርቨር «ለምድር ቤት፥ ቁጥር 62» ብሎ ለሪዲስ ይነግረዋል፤ ሪዲስም ለሚያዳምጡት ሰርቨሮች ሁሉ ያሰማል፤ እያንዳንዱም በየመዝገቡ ላለው ያደርሳል። ሪዲስ በዚህ ሥራው ራዲዮ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ያላዳመጠ ሰርቨር ቃሉ አመለጠው፤ መልሶ የሚነግረው የለም።

ደግሞም ቀርፋፋ ተቀባይ አለ። መረቡ የደከመበት አንድ ስልክ ግልባጮቹን ቶሎ መቀበል ካቃተው፥ ሰርቨሩ ያልተወሰደውን በማስታወሻው እየከመረ ይይዝለታል፤ ክምሩም ሌሎቹን እስኪያስጨንቅ ሊያድግ ይችላል። ምን እንደሚደረግ የሚወሰነው በመልእክቱ ጠባይ ነው። የወረፋ ቁጥር ከሆነ አሮጌውን ጥሎ የመጨረሻውን ብቻ መስጠት ይበቃል፤ 70 እየተጠራ 62ን ማወቅ ለማንም አይጠቅምም። የገንዘብ ገቢና ወጪ ከሆነ ግን አንዲት እንኳ መጣል አይገባም፤ መስመሩን ዘግቶ፥ በተመለሰ ጊዜ ከመዝገብ ማስነበብ ይሻላል።

ስለ ምሥጢር ጥቂት ልናገር። የቡድን ስም ቁልፍ አይደለም። «በጀት» የሚባል ቡድን ቢኖርና ማንም ስሙን ጠርቶ «ጻፉኝ» ሲል የሚጻፍ ከሆነ፥ ቡድኑ በር የሌለው ቤት ነው። ሰርቨሩ ከመጻፉ በፊት ጠያቂው ማን እንደ ሆነና ሥልጣን እንዳለው መመርመር አለበት። በይበልጥ የሚረሳው ግን መውጫው ነው። አንድ ሠራተኛ ከበጀት ክፍል ወደ ሌላ ክፍል በጠዋት ቢዛወርና ኮምፒዩተሩን ሳይዘጋው ቢውል፥ የዝውውሩ ደብዳቤ ቢፈረምም መስመሩ በቡድኑ ዝርዝር ላይ እንደ ተጻፈ ነው፤ የማይገባውንም ሲያነብ ይውላል። ሥልጣኑ በተለወጠ ሰዓት ስሙን ከዝርዝሩ የሚፍቅ ትእዛዝ አብሮ ሊሄድ ይገባል።

በዚያ አዳራሽ የተደረገው እርማት ትንሽ ነበር። ቡድን ውስጥ የመግባቱ ጥያቄ ከገጹ መከፈት ወደ መስመሩ መከፈት ተዛወረ፤ ስለዚህ መስመር በተወለደ ቁጥር ይቀርባል። ሰርቨሩም አንድን ስክሪን በቡድን ሲጽፍ ወደ ፊት የሚመጣውን ብቻ እንዲጠብቅ አያደርገውም፤ በዚያች ሰዓት የተደረሰበትን ቁጥር ወዲያው ይሰጠዋል። ስክሪኑ በበኩሉ ለአንድ ደቂቃ ከሰርቨሩ ምንም ካልሰማ የቆየውን ቁጥር አጥፍቶ «መረጃው አልታደሰም፤ እባክዎ ጸሐፊውን ይጠይቁ» ይላል።

የመጨረሻው እርማት የጸሐፊው ራሱ አሳብ ነው። እያንዳንዱ ስክሪን ቁጥሩን ባሳየ ጊዜ «አሳይቻለሁ» ብሎ እንዲመልስ ተደረገ፤ የመለሱትም ብዛት በጸሐፊው ኮምፒዩተር ላይ ከመጥሪያው ቁልፍ አጠገብ በትንሽ አኃዝ ይወጣል። አኃዙ 3 ከሆነ ጸሐፊው ተቀምጦ ይጠብቃል። 2 ወይም 1 ወይም ባዶ ከሆነ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ፥ በሩን ከፍቶ፥ ቁጥሩን በድምፁ ይጠራል።